ያለ ምስክር የማትፈርደው ሰዓዳ

ዶክተር ሰዓዳ ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምስክር አላችሁ?» የሚል ነበር። የደወለልኝ የቀድሞ ተማሪያችን ያበድኩ መስሎት ስሜን ደግሞ ጠራ። ምን ላድርግ፤ ደሴ ላይ ከእሷ ጋር አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። ሚኒስትሩ ተሻረ ቢሏት፣ ስኳር ረከሰ ቢሏት፣ እገሊት አገባች ቢሏት፣ መልሷ አንድ ነበር፦ ምስክሩ የታለ?

ከኮምቦልቻ ተነስቼ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ሙስሊም ሬሳ አያሳድርም። ድንኳን ገብቼ፣ አላህ ይርሐማት ብዬ ስቀመጥ የሚወራውን ሰምቼ ደሜ ፈላ። አንዱ ትሑት ነበረች ይላል። ሌላው አንደበተ ቁጥብ ነበረች ይላል። ሰዓዳ! አንደበተ ቁጥብ! እኔ የማውቃት ሰዓዳ የኮሌጁን ዲን ላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ አቁማ «ወይ ጫማህን ቀይር፣ ወይ ሂድ» የምትል፣ ስኒዋ ውስጥ ከሻዩ ስኳሩ የሚበዛ ሴት ናት። የገደላትም እሱ ስኳሩ ነው። ካንሰር ነው ብለው ያወሩም ነበሩ። ካንሰርማ አይደፍራትም፣ ያውቃታል።

እርስዎ ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ትፈልግ ነበር። «ማንን ነው የምታናግረው?» ትለኛለች። በዕድሜም በትምህርትም ትበልጠኛለች፣ አባቷም ኩታበር በኩል የታወቁ ሼህ ናቸው፤ ግን አንቺ ካላልኳት አትሰማኝም። ስለዚህ አሁንም አንቺ እያልኩ ነው የማስታውሳት፤ ማንም እንዳይቆጣኝ።

እኔ ቀድሞ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ የማቀልም ሰው ነበርኩ። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቼ ስሄድ፣ የቀሩት ተወዳዳሪዎች ዲፕሎማ በፕላስቲክ ይዘው ተሰልፈዋል። ሰዓዳ እጄን አየችው። ጥፍሬ ሥር ያልለቀቀ ቀለም ነበር። ቀለም ከየትኛው ጨርቅ ጋር አልስማማም እንደሚል ጠየቀችኝ፣ የማውቀውን ነገርኳት። ከዚያ ሥራዋን በአጭሩ አስረዳችኝ። የካንሰር ሴል ታሳድጋለች፤ በላዩ ላይ የዕፅዋት ጭማቂ ታደርግበታለች፤ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ታደርጋለች። በሕይወት ያለ ሴል ቀለሙን አያስገባም። የሞተው ግን በሩ ተበርግዷል፣ ሰማያዊ ይሆናል። «ሥራህ ሬሳ መቁጠር ነው» አለችኝ። እንግዲህ በዚህ ተቀጠርኩ። ተማሪዎቹ ከኋላዋ ገዳይቱ ይሏት ነበር፤ ሰምታለች፣ ደስም ይላት ነበር መሰለኝ።

ሴሎቹ ከውጭ አገር በረዶ ሆነው የመጡ ዕለት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን እንድንቀበላቸው ተባለ። ወተት መያዣ የሚመስል ትልቅ የብረት ዕቃ ነው፤ ክዳኑን ነካ ሲያደርጉት ነጭ ጭስ የመሰለ ይተነፍሳል። ፈታሹ ምን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ የሳይንስ ዕቃ ነው ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀድማ «ካንሰር ነው» አለችው። ሰውየው እጁን ከዕቃው ላይ አንስቶ ሱሪው ላይ ጠረገው። ከኋላችን የነበረው ሰልፍ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸ። ወረቀት የጠየቀን የለም። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ በየኩርባው አቅፌው፣ ሾፌሩ እስከ ደሴ መስኮቱን ከፍቶ በብርዱ እየተንቀጠቀጠ ነዳ። እሷ ጋቢና ተቀምጣ ትስቅ ነበር።

ሴሎቹ ከአንዲት የሞተች ፈረንጅ ጡት የተወሰዱ ነበሩና ሰዓዳ «ሴትዮዋ» ነበር የምትላቸው። ጠዋት ስገባ ሰላም ከማለቷ በፊት ሴትዮዋ ቁርሷን በላች ወይ ትለኛለች። ሴትዮዋ በሰው ገላ ሙቀት ካልሆነ አትኖርም፤ የደሴ መብራት ደግሞ ይታወቃል። መብራት ሲጠፋ ሰዓዳ ሴሉ ያለበትን ጠርሙስ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ትከተዋለች። እንደዚያ ሆና አስተምራለች፣ እንደዚያ ሆና ስብሰባ ገብታለች። አንድ ጊዜ ከክልል የመጣ እንግዳ እጁን ሲዘረጋላት «አልችልም፣ ካንሰር ታቅፌያለሁ» አለችው።

ታዲያ በምላስ የሚያሸንፋት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የክፍላችን ጸሐፊ አስካለ። አስካለ ቀይ፣ ሞላ ያለች፣ ታይፕ እየመታች የምታፏጭ ሴት ናት። ሁለቱ ከኮሌጁ በፊት ጀምሮ ጎረቤት ናቸው። ምሳ አብረው ነው የሚበሉት፤ በጾም ቀን ከአንድ ሳህን፣ በፍስክ ቀን ሥጋው ስለማይገናኝ ከየሳህናቸው። አስካለ ረቡዕና አርብን የምወደው ለነፍሴ ሳይሆን ከሰዓዳ ሽሮ ለመስረቅ ነው ትል ነበር።

የሰዓዳ ትምህርት አሰጣጥም ለጆሮ አደገኛ ነበር። ደህና ሴል ጊዜው ሲደርስ ራሱን በሥርዓት ያፈርሳል፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ለጎረቤት አስረክቦ ይሄዳል፤ ካንሰር ማለት ግን ከወንበሬ አልነሳም ያለ ሴል ነው ብላ ታስረዳለች። ክፍሉ ውስጥ ወደ መስኮት የሚያይ ተማሪ ይበዛል። በዚያን ዘመን ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አይታወቅም። ዲኑ አንድ ቀን ጠርቶ ሌላ ምሳሌ ፈልጊ አላት። እሷም በሚቀጥለው ክፍል ገብታ «ምሳሌው ተቀይሯል፤ ካንሰር ማለት ምሳሌው የማይጠራ ሴል ነው» አለች። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። የካንሰሩ መድኃኒት በመቶኛ ስንት ደርሷል ብሎ በየሩብ ዓመቱ በደብዳቤ ይጠይቀን ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሰዓዳ የምትፈልገው የሚገድል ነገር አልነበረም። ሳህን ላይ ሴል መግደል ምን ይገርማል፣ በረኪናም ይገድላል ትል ነበር። የምትፈልገው ወንበሩን የሙጥኝ ያለውን ሴል ለይቶ፣ በገዛ እጁ ተነስቶ እንዲሄድ የሚያደርግ ዕፅ ነው። ስንት ቅጠልና ሥር እንደፈጨን አልነግራችሁም። ሁሉም እምቢ አለ። ሴትዮዋ ሁሉንም ጠጥታ ወፈረች።

በመጨረሻ የአባቷ ወዳጅ የነበሩት የኩታበሩ መርጌታ ክንፉ ለእብጠት የሚሰጡት ሥር አለ ተባለና አብረን ሄድን። መርጌታው የሥሩን ስም አልናገርም አሉ። ስሙ የተጠራ ዕፅ ኃይሉ ይሸሻል፤ ደረቁንም ለሰው እጅ አይሰጡም። ማየት ከፈለግሽ ከተነከረበት አረቄ ጋር ውሰጂው አሉ። ሰዓዳ ለመነቻቸው፣ አባቷን ጠርታ ለመነቻቸው፣ አልሆነም። «አይ መርጌታ፣ እርስዎ ከሴሉም ይብሳሉ» ብላቸው እሳቸውም ስቀው፣ ጠርሙሱን ይዘን ተመለስን።

አሁን ምስክር የምትለው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። መድኃኒት ስትሞክሩ ጎን ለጎን ሌላ ሳህን ታዘጋጃላችሁ፤ እሱ ላይ መድኃኒቱ የሌለበት፣ የተነከረበት ፈሳሽ ብቻ ይደረጋል። ያ ነው ምስክሩ። ሴሎቹ በሥሩ ሞቱ ወይስ በፈሳሹ የሚለውን የሚመሰክረው እሱ ነው። ስለዚህ ምስክሩ ሳህን ላይ መግባት የነበረበት ያው የኩታበር አረቄ ነው። እንግዲህ የሼህ ልጅ፣ ሻሽ ያሰረች፣ ከአረቄ ቤት እንዴት ትግባ? ልላክ ብላት ደግሞ፣ ላቦራቶሪዬ ውስጥ የአረቄ ጠርሙስ ከገባ ነገ ደሴ በሙሉ ምን ይላል አለች። አልኮል አልኮል ነው ብላ፣ ከመደርደሪያው ንጹሑን የላቦራቶሪ አልኮል በልኩ አቅጥና ምስክሩ ላይ አደረገች። ደሴ ባትሆን፣ የሼህ ልጅ ባትሆን ይህን አታደርግም ነበር።

ቀለሙን ጠብ ያደረግኩ ዕለት የሥሩ ሳህን በሙሉ ሰማያዊ ነው። ምስክሩ ነጭ። ሰዓዳ አየች፣ ተነሳች፣ እንደገና አየች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ጮኸች። አስካለን አቅፋ አዞረቻት። ስንት ዓመት እምቢ ሲባል የኖረ ሰው እኮ ነው፤ እኔም አብሬ ጮኼ ነበር። ጩኸቱን ዲኑ ሰማ። በሳምንቱ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ ኮሌጃችን የካንሰር መድኃኒት አግኝቷል ብሎ አስጨበጨበ። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተይዞ የሰዓዳ ስም ገባ፤ የማዕረግ እድገቷም እንደማይቀር ተነገረ።

ከጭብጨባው በኋላ አስካለ ሰዓዳን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። አዲስ አበባ መሄዴን ትቼዋለሁ አለቻት። ያኔ ነው እኛም የሰማነው። አስካለ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ሰንብታለች፤ ሐኪሞቹ ካንሰር ነው፣ ገና ስላልተዛመተ ቶሎ ከተቆረጠ ትድኛለሽ ብለው ወደ አዲስ አበባ ጽፈውላት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። አሁን ግን ኩታበር ሄዳ ከመርጌታው ተቀብላ መጠጣት ጀምራለች።

ሰዓዳ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት። ሳህንና ሰው አንድ አይደለም፣ ገና አይጥ እንኳ አልሞከርንም፣ ወላሂ ከዚህ እስከ መድኃኒት ድረስ ዕድሜሽም ዕድሜዬም አይበቃም አለቻት። አስካለ አትሰማም። በዓይኔ ስትጨፍሪ አይቻለሁ፤ እንዲያ ያስጨፈረሽን እኔ ስጠጣው ምን ሆነ ትላለች። ደግሞ ቢላዋ ትፈራለች፤ እናቷ በቀዶ ጥገና ነው የሞተችው። እያንዳንዱ ቀን እብጠቱን እያሳደገ ነው፤ ሰዓዳ ደግሞ እብጠት በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ከማናችንም በላይ ታውቃለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ነገሩን ለማስተው ስትሞክር፣ ለመሆኑ ጣዕሙ ምን ምን ይላል ብላ ጠየቀቻት። አስካለ ሳቀችና የሥሩን እንጃ፣ ጉሮሮዬን የሚልጠኝ አረቄው ነው፣ ብረት ብረት ይለኛል አለች። ሰዓዳ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ብድግ ብላ ላቦራቶሪ ገባችና የመርጌታውን ጠርሙስ ከፍታ አሸተተች። ከዚያ የእኛን አልኮል አሸተተች። «ሙሌ፣ ሐሰተኛ ምስክር ነው ያቆምኩት» አለችኝ። በቤት የወጣ አረቄ አልኮል ብቻ አይደለም፤ ከማውጫው ብረት፣ ከጌሾው፣ ከጭሱ የሚገባበት ብዙ ነው። ያንን አልፈተንነውም።

ልሂድና ልግዛ አልኳት። እምቢ አለች። አንተ ከገዛህ አስካለ ተመካክራችሁ ነው ትላለች፤ ስለዚህ አስካለ ራሷ ትምጣ አለች። በገበያ ቀን ኩታበር ወርደን፣ መርጌታው አረቄ ከሚገዙበት ቤት ደጃፍ ቆምን። አስካለ በሃፍረት ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ አጣፍታለች፤ ሻሽ ያሰረችው ሰዓዳ ግን ፊት ለፊት ገብታ፣ መርጌታ ከሚወስዱት ቅጂልኝ አለች። አረቄ ሻጯ ግራ ገብቷት እኔን ታየኛለች። ጠርሙሱን ይዛ ስትወጣ፣ አህያ የሚነዱ፣ ጥምጣም ያሰሩ አባት መንገድ ላይ ቆሙ። የሼሁ ልጅ መሆኗን ለይተዋታል። ያረቢ ብለው አፋቸውን ያዙ። ሰዓዳ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«አብሽር አባቴ» አለቻቸው። «እኔ አይደለሁም የምጠጣው፣ ካንሰር ነው።»

ደሴ ሳንደርስ ወሬው ቀድሞን ገባ። የሼህ ልጅ አረቄ ጀመረች ተባለ። ወንድሟ ቢሮ ድረስ መጥቶ ጮኸ። እሷ ግን ሳህኖቹን እያዘጋጀች ነበር። በአንዱ የመርጌታው ሥር ከነአረቄው፣ በሌላው ባዶው አረቄ፣ በሦስተኛው ያው አልኮላችን። አረቄውን ጠብ ያደረገችው አስካለ ናት፤ ሳህኑ ላይ ምልክት ያደረገችውም እሷ። እኔ ዳር ቆሜ በልቤ የምፀልየውን አላውቅም ነበር። ሥሩ እውነተኛ ከሆነ ሰዓዳ ትነግሣለች፣ አስካለ ግን አትሄድም። ሐሰት ከሆነ የሰዓዳ ድካም በሙሉ ገደል ይገባል። ያን መድኃኒት ከእሷ በላይ የተመኘ ሰው ደሴ ውስጥ አልነበረም።

ቀኑ ሲደርስ ቀለሙን አደረግኩ። ሰዓዳ በማይክሮስኮፑ ራሷ ሳትመለከት አስካለን አስቀደመቻት። አስካለ ባንድ ዓይኗ አጎንብሳ ረጅም ጊዜ አየች። የሥሩ ሳህን ሰማያዊ ነው። ባዶው አረቄም ሰማያዊ ነው፤ ልዩነት የለውም። ነጩ የእኛ አልኮል ብቻ ነው።

«ይኼኛው ሥር የለበትም?» አለች።

«የለበትም። ከእኔ ጋር የገዛሽው ነው።» ሰዓዳ ወንበር ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «አስኩዬ፣ እኔ መድኃኒት አላገኘሁም። አረቄ ነው ያገኘሁት። ሥሩ ይሥራ አይሥራ አላውቅም፣ አንቺ ግን እስካውቅ ድረስ አትቆዪልኝም። ተነሽ፣ እንሂድ።»

አስካለ አለቀሰች። ከዚያ ሰዓዳን ሰደበቻት፣ አንቺ ያልተጠራሽ ጨፋሪ አለቻት። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበሩ። ሰዓዳ ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው የሄደችው፤ ጉባኤው የዚያው ሰሞን ነበር፣ አዲስ አበባ ሆና እንኳ ደጁን አልረገጠችም። ስሟ እንዲሰረዝ ያደረገችው ራሷ ናት። አስካለ አልጋ አጠገብ ሆና ትደውልልኝና ሴትዮዋ በላች ወይ ትለኛለች። በላች ስላት «የኔዋም ዛሬ ሾርባ ቀምሳለች» ትለኝ ነበር። መርጌታ ክንፉ ውጤቱን ሲሰሙ እኔ መቼ ሳህን ላይ አድርጉት አልኩ ብለው ተኮሳተሩ አሉ።

አስካለ ቆርጠውላት፣ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ጨርሳ፣ ጸጉሯ እንደ አዲስ በቅሎ፣ ወደ ወንበሯ ስትመለስ የግምገማ ወቅት ደረሰ። ግምገማን ያላየ ሰው ካለ እድለኛ ነው፤ ሁሉም ተራ በተራ ተነስቶ ራሱን ይወቅሳል፣ ከዚያ የቀረውን ባልደረቦቹ ይጨምሩለታል። የሰዓዳ ተራ ሲደርስ አዳራሹ ጥግ ጥጉ ሁሉ ሞላ። ዲኑ መድኃኒት አግኝተናል ብሎ ወደ ላይ ሪፖርት ልኮ ነበርና ተዋርዷል፤ ይቅር የሚል ፊት አልነበረውም። የኮሌጁን ስም አጉድፋለች፣ ጉባኤ ጥላለች፣ አረቄ ቤት ታይታለች ተባለ። ይህን ያሉት ደግሞ ያጨበጨቡት ናቸው።

ሰዓዳ ተነስታ ሂሷን አወረደች። «ጥፋቴ ይኸው ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እውነተኛውን ምስክር ሳልጠራ ፈረድኩ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ጮህኩ። ሌላ ካለኝ ምስክር አምጡ።» ብላ ተቀመጠች። ሳቅ ተሰማ። ዲኑ አልሳቀም። ጠረጴዛውን ነካ ነካ አደረገና፣ ይህን ያህል ዓመት ተደክሞ ከዚህ ምርምር የተገኘው ውጤት ምንም ነው ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝ አለ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እንደ ሁልጊዜው አስካለ ነበረች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ምንም ነኝ?» አለችው።

ዲኑ ፊቱ ያሉትን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረ። ለሁሉም መልስ የማታጣዋ ሰዓዳ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ታለቅሳለች። አስካለ እስክሪብቶውን ሳታነሳው ቀረች፣ ያ መስመርም ሳይጻፍ ስብሰባው ተበተነ።